ኳስ ይዞ የተሰደደው ሰው፤ የቤላ ጉትማን የሕይወት ታሪክ

በግቢያችን ከትምህርት ቀጥሎ አብዝቶ የሚነሣ ነገር ቢኖር የኳስ ወሬ ነው። ከምሳ በኋላ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሁሉ ስለ አውሮፓ ቡድኖች ይከራከራል፤ ማን ለማን ስንት ጎል እንዳገባ፣ ማን በስንት ሚሊዮን እንደ ተሸጠ የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን ይህ ጨዋታ በስንት ሰው ስደትና በስንት ሰው መከራ ተሻግሮ እንደ ደረሰን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የአንድ ሰው ታሪክ ለማቅረብ አሰብን። ሰውዬው ቤላ ጉትማን ይባላል። በትውልዱ ሀንጋሪያዊ፣ በወገኑ አይሁዳዊ፣ በሥራው አስቀድሞ ተጫዋች፣ ኋላም አሠልጣኝ ነበር። ከሞተ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል።

የአይሁዳዊ ኳስ ተጫዋች ታሪክ ለቡሬና ለፍኖተ ሰላም ልጅ ምን ይረባዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ግን ታሪኩ ራሱ ስለሚሰጠው ወደ እርሱ እንግባ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የአገራችንን ነገር ስናነሣ ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት እናመለክታለን።

ጉትማን በጃንዩወሪ 27 ቀን 1899 በቡዳፔሽት ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ሀንጋሪያ ከኦስትሪያ ጋር በአንድ ንጉሥ ሥር ትተዳደር ነበር። አባቱና እናቱ የዳንስ አስተማሪዎች ነበሩ፤ እርሱም ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ ዳንስ ለማስተማር የሚያስችለውን ማረጋገጫ አገኘ። ይህን ማንሣታችን ለጨዋታ ያህል አይደለም። እግርን ከዜማ ጋር አስማምቶ ማንቀሳቀስ የተማረ ልጅ ሜዳ ላይ ሲወጣ ክብደቱን ከየት ወደ የት እንደሚያዛውር ያውቃል። ጉትማንም ሴንተር ሀፍ በሚባለው ቦታ እየተጫወተ፣ ኳስን ከመምታት ይልቅ ማቀበልን የሚወድ ቀልጣፋ ተጫዋች ሆነ። ቶሬክቬሽ ከሚባል ቡድን ተነሥቶ ኤም ቲ ኬ ወደሚባለው ታላቅ የቡዳፔሽት ክለብ ገባ፤ ከዚያም ጋር የሀንጋሪያን ሻምፒዮንነት አገኘ።

ነገር ግን በሜዳ ላይ ሲከበር ከሜዳ ውጭ ዘመኑ እየከፋ ሄደ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲያበቃ ሀንጋሪያ ተሸንፋ ከግዛቷ አብዛኛውን አጣች። በ1919 የተነሣው የኮሙኒስቶች መንግሥት ከጥቂት ወራት በኋላ ወደቀና በአድሚራል ሆርቲ የሚመራው አገዛዝ ቦታውን ያዘ። የአገሪቱ ውርደት ሁሉ በአይሁድ ላይ ተሳበበ፤ በየመንገዱ ድብደባና ግድያ ሆነ። በ1920 ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ የአይሁድ ተማሪዎች ቊጥር ከሕዝቡ ድርሻቸው እንዳይበልጥ የሚወስን ሕግ ወጣ። እኛ በውጤታችን ተመዝነን ከዚህ ግቢ የገባን ተማሪዎች ይህን ሕግ ቆም ብለን ልናስበው ይገባናል። በዚያች አገር አንድ ወጣት ፈተናውን ቢያልፍም እንኳ የአያቱ ሃይማኖት ከበር ላይ ይመልሰው ነበር።

ጉትማን በዚህ ምክንያት አገሩን ለቀቀ። የሄደው ወደ ቪየና ሲሆን፣ የገባበት ክለብ ሐኮአሕ ይባላል። ቃሉ የዕብራይስጥ ነው፤ ትርጓሜውም ኃይል ማለት ነው። ክለቡ የተመሠረተው በ1909 ሲሆን፣ የተመሠረተበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በኦስትሪያ ብዙ የስፖርት ማኅበሮች አይሁድን አንቀበልም ይሉ ነበር። ከዚህም በላይ አይሁዳዊ ለመጽሐፍና ለንግድ እንጂ ለጉልበት ሥራ አልተፈጠረም የሚል ንቀት በአውሮፓ ተስፋፍቶ ነበር። ሐኮአሕ ለዚህ ንቀት የተሰጠ መልስ ነው። ዋናተኞች፣ ታጋዮች፣ ሯጮችና ኳስ ተጫዋቾች አሰባሰበ፤ መለያውም ሰማያዊና ነጭ ሆኖ የዳዊት ኮከብ በደረቱ ላይ ተሰፍቶበት ነበር። ሌላው ሊደብቀው ይፈልግ የነበረውን ምልክት እነርሱ ተመልካች ሁሉ እያየው በአደባባይ ለበሱት።

ውጤቱም አልዘገየም። በ1923 ሐኮአሕ ወደ ለንደን ሄዶ ዌስት ሃም የተባለውን የእንግሊዝ ክለብ በገዛ ሜዳው 5 ለ 0 አሸነፈ። ዌስት ሃም ተቀያሪዎቹን አሰልፎ ነበር ቢባልም እንግሊዞች ጨዋታው የእኛ ነው ብለው በሚኮሩበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። በ1925 ደግሞ የኦስትሪያ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ሻምፒዮንነቱ በተወሰነበት ጨዋታ ላይ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ይወራል። በረኛው ፋቢያን በጨዋታው መካከል ክንዱ ተሰበረ። በዚያን ጊዜ ተጫዋች መቀየር አይፈቀድም ነበርና ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ አጥቂዎች መሥመር ተሻገረ፤ የማሸነፊያዋንም ጎል እርሱ አገባ። ጉትማን ከዚህ ቡድን ምሰሶዎች አንዱ ነበር።

ከዚህ በፊት ግን በ1924 ለሀንጋሪያ ብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ወደ ፓሪስ ኦሊምፒክ ሄዶ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ከተጫዋቾቹ ይልቅ የሹማምንቱ ቊጥር በዝቶ ተገኘ፤ ማደሪያውም ሌሊቱን ሙሉ ጭፈራና ጩኸት የሚሰማበት ሆቴል ነበር። ጉትማን ተቈጣ፤ የሞቱ አይጦች ሰብስቦ በሹማምንቱ በር ላይ በጅራታቸው ሰቀለ ይባላል። ሀንጋሪያም በዚያ ውድድር በግብፅ ቡድን 3 ለ 0 ተሸነፈች። አንድ የአፍሪካ ቡድን ከአውሮፓ ኃያላን አንዱን በዚህ ዐይነት መርታቱ በዘመኑ ያልተጠበቀ ነበር። ጉትማን ግን ከዚያ በኋላ ለአገሩ ቡድን ተጠርቶ አልተጫወተም።

በ1926 ሐኮአሕ ወደ አሜሪካ ተጓዘ። በኒውዮርክ ፖሎ ግራውንድስ በሚባለው ሜዳ በሜይ 1 ቀን የተሰበሰበው ተመልካች 46,000 ያህል ነበር፤ ይህን የሚበልጥ የእግር ኳስ ተመልካች በዚያች አገር የታየው ከ50 ዓመት በኋላ በ1977 ነው። ከተመልካቾቹ ብዙዎቹ ከምሥራቅ አውሮፓ ተሰደው በስፌት ቤትና በፋብሪካ የሚሠሩ አይሁድ ነበሩ። በተወለዱበት መንደር ኮከቡን ደብቀው የኖሩ ሰዎች በአዲሱ አገር ኮከቡን በደረታቸው ያደረጉ አሥራ አንድ ጎበዞች ሲሮጡ አዩ። የመግቢያውን ገንዘብ የከፈሉት ጎል ለማየት ብቻ እንዳልነበረ መገመት አያስቸግርም።

በዚያን ዘመን በአሜሪካ ከ1921 ጀምሮ የተቋቋመ የደመወዝተኞች ሊግ ነበረ። ከክለቦቹ አንዳንዶቹ የፋብሪካ ክለቦች ነበሩ፤ ቤተልሔም ስቲል የሚባለው የብረት ፋብሪካ ቡድን ከእነዚህ አንዱ ነው። ክለቦቹ ከእስኮትላንድ፣ ከእንግሊዝና ከመካከለኛው አውሮፓ ተጫዋቾችን በጥሩ ደመወዝ ያመጡ ነበር። የሐኮአሕ ተጫዋቾችም ደመወዙን ካዩና በመንገድ ላይ ማንም እንዳልሰደባቸው ካስተዋሉ በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። ኤርኖ ሽቫርትስ የተባለው አንዱ ኋላ የራሱን ክለብ አቋቁሞ፣ በ1950ዎቹም የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን እስከ ማሠልጠን ደርሷል። ጉትማን ወደ ኒውዮርክ ጃያንትስ ገባ። በ1928 ኒውዮርክ ሐኮአሕ የሚባል ክለብ ሲቋቋም ወደዚያ ተዛወረ፤ ክለቡም በ1929 የሴንት ሉዊስን ቡድን በሁለት ጨዋታ አሸንፎ የአሜሪካን ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። ክለብ አንቀበልህም ተብሎ የራሱን ክለብ ያቋቋመ ወገን ባሕር ተሻግሮ የሌላ አገር ዋንጫ ባለቤት ሆነ።

ነገር ግን ይህ ጥጋብ ረዥም ዕድሜ አልነበረውም። በ1928 በሊጉና በአገሪቱ የእግር ኳስ ማኅበር መካከል የሥልጣን ጠብ ተነሣ፤ ክለቦች ለሁለት ተከፈሉ፤ ገንዘብም ባከነ። በኦክቶበር 1929 ደግሞ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ ፋብሪካዎች ተዘጉ፤ ሠራተኛው ለእንጀራው እንጂ ለኳስ መግቢያ የሚከፍለው አጣ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊጉ ፈረሰ። ጉትማንም ገንዘቡን በአክሲዮንና መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን በድብቅ በሚሸጥ መጠጥ ቤት አውሎት ነበር ይባላልና ያጠራቀመውን አጣ። በ1932 ወደ ቪየና የተመለሰው ባዶ እጁን ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ በሕይወቱ ሙሉ ስለ ደመወዝ አጥብቆ የሚከራከር ሰው መሆኑ ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

በ1933 መጫወት ትቶ ማሠልጠን ጀመረ። በሐኮአሕ፣ ቀጥሎም በሆላንድ አገር በኤንስኬዴ ሠርቶ በ1938 ወደ ቪየና ተመለሰ። በዚያው ዓመት በማርች ወር ሂትለር ኦስትሪያን ወደ ጀርመን ቀላቀላት። ሐኮአሕ ወዲያው ታገደ፤ ንብረቱ ተወሰደ፤ ውጤቱም ሁሉ ከመዝገብ ተፋቀ። ከክለቡ መሥራቾች አንዱ የነበረው ደራሲ ፍሪትስ ሎነር ቤዳ ኋላ በአውሽቪትስ ተገደለ፤ ከተጫዋቾቹም በናዚዎች እጅ የጠፉ አሉ። ጉትማን ወደ ቡዳፔሽት ሸሽቶ ኡይፔሽት የተባለውን ክለብ ያዘ። በ1939 ቡድኑ የሀንጋሪያን ሻምፒዮንነት፣ በተጨማሪም በመካከለኛው አውሮፓ ክለቦች መካከል ይደረግ የነበረውን ሚትሮፓ ዋንጫ ወሰደ። ይህን ሁሉ ያደረገ አሠልጣኝ በሌላ አገር ሐውልት ይሠራለት ይሆናል። በሀንጋሪያ ግን በ1938ና በ1939 አይሁድን ከሥራ የሚያስወጡ ሕጎች ወጥተው ነበርና ጉትማን ከሥራው ተሰናበተ።

እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ወደ አገራችን እንመለስ፤ ምክንያቱም ያን ጊዜ የእኛና የእነርሱ ታሪክ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኝቶ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ በ1937 ኢትዮጵያውያንና ጣልያኖች በትዳር መልክ አብረው እንዳይኖሩ የሚከለክል የዘር ሕግ አወጣች፤ በተከታዩ ዓመት በ1938 ደግሞ የራሷን አይሁድ ዜጎች ከትምህርት ቤትና ከመሥሪያ ቤት አባረረች። በመጀመሪያ በእኛ ላይ የተሳለው ቢላዋ ወዲያው በእነርሱ ላይ ዞረ። በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ ከእርሳቸው ጋር የተጓዘው የኮሎኔል ዊንጌት ጦር የጌዴዎን ጦር ተባለ። ስሙ የተወሰደው በመጽሐፈ መሳፍንት በጥቂት ሰዎች ብዙ ጠላት ካሸነፈው መስፍን ነው። በዚያ ጦር ውስጥ ከኢትዮጵያውያን፣ ከሱዳናውያንና ከእንግሊዞች ጋር ከፍልስጥኤም የመጡ ጥቂት አይሁድም ነበሩ፤ የዊንጌት ጸሐፊ የነበረው አቭራሃም አካቪያ ከእነርሱ አንዱ ነው። የጎጃም አርበኞች አስቀድመው በየዱሩ ያስጨነቁት የኢጣልያ ጦር በየካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ዛሬ እኛ ወደ ፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ የምንመላለስበትን አገር እነዚያ ሰዎች በእግራቸውና በግመል ተጉዘውበታል። ወገኖቻቸው በአውሮፓ በጣሪያ ሥር ተደብቀው ሳለ እነርሱ በቡሬ ሜዳ ላይ የፋሺስትን ሽሽት አዩ።

ጉትማንም ከተደበቁት አንዱ ነበር። በማርች 1944 ጀርመኖች ሀንጋሪያን ያዙ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከ400,000 በላይ የሀንጋሪያ አይሁድ በባቡር ተጭነው ወደ አውሽቪትስ ተወሰዱ፤ አብዛኞቹም እንደ ደረሱ ተገደሉ። ጉትማን በኡይፔሽት ሰፈር ከሚስቱ ወንድም የፀጉር ሥራ ቤት በላይ ባለ ጣሪያ ሥር ተሸሸገ። ኋላ ግን በግዳጅ ሥራ ካምፕ ታሰረ፤ ድብደባና ረሃብም ደረሰበት። በዲሴምበር 1944 ወደ ሌላ አገር ሊጫኑ ሲሉ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በመስኮት ዘልሎ አመለጠ። አብሮት ካመለጡት አንዱ ኤርኖ ኤርብሽታይን ነበር፤ እርሱም ኋላ በኢጣልያ ዝነኛውን የቶሪኖን ቡድን አሠልጥኖ በ1949 ከቡድኑ ጋር በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ጉትማን ነፍሱን አተረፈ፤ አባቱና እህቱ ግን ከሌሎች ብዙ ዘመዶቹ ጋር ተገድለው ነበር። ስለዚህ ዘመን በኋላ ብዙ አልተናገረም። ሰው የሚጠይቀው ስለ ዋንጫ ነበርና እርሱም ስለ ዋንጫ ይመልስ ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ የ46 ዓመት ሰው ነበር። ዘመድ የሌለው፣ ገንዘብ የሌለው፣ ከኳስ በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ሰው ሆኖ እንደ ገና ጀመረ። በሩማንያ ሲያሠለጥን የገንዘቡ ዋጋ በየቀኑ ይወድቅ ነበርና ደመወዙን በአትክልትና በምግብ ይቀበል ነበር ይባላል። በ1947 ከኡይፔሽት ጋር ዳግመኛ የሀንጋሪያ ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎ የኪሽፔሽትን ክለብ ያዘ፤ በዚያም ወጣቱ ፑሽካሽ አምበል ነበር። አንድ ቀን ጉትማን አንድ ተከላካይ ጨዋታው ስላላማረው ለሁለተኛው አጋማሽ ሜዳ እንዳይገባ አዘዘ። ፑሽካሽ ግን ተጫዋቹ እንዲገባ ነገረው፤ እርሱም ገባ። ጉትማን አልጮኸም፤ ወደ ተመልካቹ ወንበር ወጥቶ የፈረስ እሽቅድምድም ጋዜጣ እያነበበ ጨዋታው እስኪያልቅ ተቀመጠ፤ ከዚያም በትራም ወደ ቤቱ ሄደ፤ ወደዚያ ክለብም አልተመለሰም።

ከዚህ በኋላ የዞረባቸውን አገሮች ሁሉ መዘርዘር አንባቢን ያደክማል። ኢጣልያ፣ አርጀንቲና፣ ቆጵሮስ፣ እንደ ገና ኢጣልያ። በ1955 የሚላን ቡድን በሊጉ አናት ላይ ተቀምጦ ሳለ ከሥራ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ በሚፈርመው ውል ውስጥ ቡድኑ አንደኛ ሳለ ሊያሰናብቱት እንደማይችሉ የሚገልጽ አንቀጽ ያስገባ ነበር ይባላል። በ1957 በብራዚል ሳኦ ፓውሎን አሠልጥኖ የክፍለ ሀገሩን ሻምፒዮንነት አስገኘ። አራት ተከላካይ፣ ሁለት አማካይ፣ አራት አጥቂ የሚያሰልፈውን የሀንጋሪያውያንን አጨዋወት በብራዚል ካስፋፉት ሰዎች እንደ አንዱ ይቈጠራል፤ ብራዚልም በተከታዩ ዓመት በ1958 በዚሁ አሰላለፍ የዓለምን ዋንጫ ወሰደች።

በ1959 በፖርቱጋል ፖርቶን ሻምፒዮን አድርጎ ወዲያው ወደ ተቃራኒው ክለብ ወደ ቤንፊካ ተሻገረ። እዚያ እንደ ደረሰ ብዙ ነባር ተጫዋቾችን አሰናብቶ በወጣቶች ተካቸው። የቤንፊካ ቡድን በዚያን ጊዜ ከፖርቱጋልና ከቅኝ ግዛቶቿ የተሰበሰበ ነበር። በረኛው ኮስታ ፔሬራና የመካከሉ ሞተር ማርዮ ኮሉና ከሞዛምቢክ፣ አምበሉ ዦዜ አጉዋሽ ከአንጎላ የመጡ ነበሩ። በሜይ 1961 ይህ ቡድን ባርሴሎናን 3 ለ 2 አሸንፎ የአውሮፓን ክለቦች ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ በፊት ዋንጫውን አምስት ጊዜ በተከታታይ ከሪያል ማድሪድ በቀር ማንም አልነካውም ነበር።

ጉትማን በአንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ከቀድሞ ተጫዋቹ ከብራዚላዊው ባወር ጋር ተገናኝቶ ስለ አንድ የሞዛምቢክ ወጣት ሰማ ይባላል። ወጣቱ ኤውዜቢዮ ነበር። በሎሬንሶ ማርኬሽ ከተማ ዳርቻ አባቱ በልጅነቱ ሞቶበት፣ በባዶ እግሩ በጨርቅ ኳስ እየተጫወተ ያደገ ልጅ ነው። በማንኩሳና በጅጋ ሜዳ ከካልሲና ከቡትቶ ኳስ ጠቅልለን ያደግን ሰዎች ይህን ልጅ ለማወቅ ሥዕሉን ማየት አያስፈልገንም። በዲሴምበር 1960 ወደ ሊዝቦን መጣ። በሜይ 2 ቀን 1962 በአምስተርዳም በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ቤንፊካ ከሪያል ማድሪድ ተገናኘ። ለማድሪድ የሚጫወተው ያው የኪሽፔሽቱ ፑሽካሽ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻውን ሦስት ጎል አገባ። በሁለተኛው አጋማሽ ግን የ20 ዓመቱ ኤውዜቢዮ ሁለት ጎል አግብቶ ቤንፊካ 5 ለ 3 አሸነፈ።

ይህ ዓመት በእኛ አቈጣጠር 1954 ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር በአዲስ አበባ በተደረገው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ ቡድን የግብፅን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን አስቀርቶ ነበር። ያን ዋንጫ የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፤ አባቱ ጣልያን፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ልጅ ሁለቱም ወገን የእኔ ለማለት ያመነታ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ የአፍሪካን ዋንጫ በሁለት ዘር መካከል የተወለደ አምበል አነሣ፤ የአውሮፓንም ዋንጫ ከሞት ያመለጠ አይሁዳዊ ከሞዛምቢክና ከአንጎላ ልጆች ጋር አነሣ። ሕግም ሆነ ንቀት ከደጅ ያስቀራቸው ሰዎች ሜዳው ሲከፈትላቸው የሚሠሩትን ሠሩ።

ከአምስተርዳም ድል በኋላ ጉትማን የቤንፊካን ሹማምንት ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። እነርሱም በውሉ ውስጥ የለም ብለው ከለከሉት፤ እርሱም ተቈጥቶ ሄደ። ሲሄድ ክለቡ ለ100 ዓመት የአውሮፓን ዋንጫ እንዳያነሣ ረገመው የሚል ወሬ ተሠራጨ። ቤንፊካም ከዚያ ወዲህ ስምንት የአውሮፓ የፍጻሜ ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ ይኸውም በ1963፣ በ1965፣ በ1968፣ በ1983፣ በ1988፣ በ1990፣ በ2013ና በ2014 ነው። በ1990 ጨዋታው በቪየና ስለ ነበረ ኤውዜቢዮ ራሱ ወደ ጉትማን መቃብር ሄዶ ጸልዮአል፤ ሆኖም አልተሳካም። የአባትና የመምህር እርግማን ከባድ መሆኑን በጎጃም አገር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያሻም። እኛ ግን ከእርግማኑ ይልቅ የሚያስተምረው ሌላው ነገር ይመስለናል። ሁለት ዋንጫ ያመጣላቸውን ሰው ዋጋ በውል ወረቀት ብቻ የለኩ ሹማምንት የጎዱት ራሳቸውን ነው።

ጉትማን ከዚህ በኋላ በኡራጓይ፣ በኦስትሪያ፣ በስዊስ፣ በግሪክ ሠራ፤ በ1965 ለአንድ ዓመት ወደ ቤንፊካ ተመልሶም ነበር። የመጨረሻውን ሥራ በ1973 በፖርቶ አገኘ። ከዚያ በኋላ በቪየና ተቀመጠ፤ በኦገስት 28 ቀን 1981 በ82 ዓመቱ ሞተ፤ በዚያው ከተማ በአይሁድ መካነ መቃብር ተቀበረ። በ2014 ሁለቱን ዋንጫዎች በእጆቹ የያዘ ሐውልቱ በቤንፊካ ስታዲዮም ቆሞለታል።

ይህን ሰው ጻድቅ አድርገን ልናቀርብ አንፈልግም። ቊጡ ነበር፤ ገንዘብ ይወድ ነበር፤ ከሹማምንት ጋር መስማማት አይችልም ነበር። በአንድ ክለብ ሦስተኛው ዓመት የጥፋት ዓመት ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት ይሄድ ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ጠባይ ሕይወቱ የሠራው ይመስለናል። ከቡዳፔሽት በስድብ የወጣ፣ ከአሜሪካ በኪሳራ የተመለሰ፣ ከቪየና በሂትለር የተባረረ፣ በገዛ አገሩ ታስሮ በመስኮት ያመለጠ ሰው ነገ በዚህ ቤት አድራለሁ ብሎ የሚተማመንበት ምክንያት ከየት ያመጣል? ሻንጣውን ሁልጊዜ አዘጋጅቶ መኖሩ ለእርሱ ጥበብ ነበር።

አሁን በመግቢያችን ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ ምን ይረባናል? ለመፍረድ እንዲያመቸን ወደ ገዛ ሜዳችን እንመልከት። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ማረሻውን የሚሠራልን ጠይብ፣ ገንቦውን የምታበጅልን ሸክላ ሠሪ፣ ጋቢውን የሚሠራልን ሸማኔ፣ ቆዳውን የሚያለፋልን ፋቂ ምን ሲባሉ እንደ ኖሩ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ቡዳ ተብለዋል፤ ጋብቻ ተከልክለዋል፤ ልጆቻቸውም በገና ጨዋታና በኳስ ሜዳ ዳር ቆመው እንዲያዩ ተደርገዋል። በጎንደር በኩል ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ርስት ተከልክለው፣ በብረትና በሸክላ ሥራ እየኖሩ በዚሁ ስም ሲሰደቡ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አውጀው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ከአንዳንድ አፍ አልጠፋም። ስለዚህ በቪየና አይሁድን አንቀበልም ባሉት ክለቦች ላይ ከመፍረዳችን በፊት በመንደራችን ሜዳ ማን ዳር እንደ ቆመ እናስብ።

በግቢያችንም ነገሩ በሌላ መልክ ይታያል። ቡድን ሲመረጥ ይህ የአገሬ ልጅ ነው፣ ያ ከዚያ ማዶ የመጣ ነው የሚል ሹክሹክታ አልፎ አልፎ ይሰማል። እንዲህ ያለው አመራረጥ የሚጎዳው የተተወውን ተጫዋች ብቻ አይደለም። በ1938 ኦስትሪያ ሐኮአሕን ስታፈርስ፣ በ1939 ሀንጋሪያ ጉትማንን ስታሰናብት ያጡት ራሳቸው ናቸው፤ ያባረሩት እውቀት በሳኦ ፓውሎና በሊዝቦን አፈራ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲዘጋጅ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ስትቀር፣ ኢትዮጵያ ከግብፅና ከሱዳን ጋር በዚህ አቋም ጸንታ ነበር። አባቶቻችን በአህጉር ደረጃ የቆሙለትን ነገር እኛ በአንድ ግቢ ሜዳ ላይ ልንጠብቀው አያቅተንም።

እንግዲህ በመጪው የትምህርት ክፍሎች ውድድር አሥራ አንዱን ስንመርጥ እግሩን እንጂ ዘሩን፣ አጨዋወቱን እንጂ የአባቱን ሙያ አንጠይቅ። ዳር ቆሞ የሚያይ ልጅ ካለም ኳሷን ወደ እርሱ እናሳልፍለት።